ከካሻን የመጣው ውሃ

አማቴ ቢቢ ታጅ ጀሪካኑን ለማንም አልሰጡም። ከካሻን ልንነሳ ስንል የአውቶቡሱ ሾፌር «እናቴ፣ ከታች ከሻንጣዎቹ ጋር ላድርግልዎት» ብሎ እጁን ቢዘረጋ፣ «የራስህን እናት ከታች አድርጋት» አሉትና አቅፈውት ወጡ። ሰማንያ አንድ ዓመታቸው ነው። አምስት ሊትር ውሃ፣ ከግቢያችን ጉድጓድ ጠዋት በገዛ እጃቸው የቀዱት። በቦርሳቸው ደግሞ ባለፈው ዓመት ያጣራነው የጽጌረዳ ውሃ አለ፣ በጨርቅ የተጠቀለለ።

ከኋላችን የተቀመጠችው ጎረቤታችን ኤሽራት ሱፍ እየፈለፈለች አንገቷን አስገባች።

«ቢቢ፣ የምንሄድበት ኩዚስታን ውሃ የለም ያለዎት ማን ነው? ካሩን የሚባል ወንዝ አለ እኮ። ካርታ ላይ አይቼዋለሁ፤ ይሄን ያህል ሰማያዊ ነው!»

«ካሩን ልጄን አያውቀውም።»

«የእናንተ ጉድጓድ ያውቀዋል?»

«ሁለቴ ወድቆበታል» አሉ ቢቢ። «አንዴ በአራት ዓመቱ፤ አንዴ ደግሞ ትልቅ ሰው ሆኖ፣ ለዚህች ለሚስቱ ጉራ ሲነዛ።»

ኤሽራት ሳቀች። እኔም ፈገግ አልኩ። እውነት ነው። በገመድ እወርዳለሁ ብሎ ገመዱን ሳያስር ወረደ። የተጋባን ሰሞን ነበር።

በአገራችን ሐሙስ ከሰዓት በኋላ ሙት ያለው ሰው ሁሉ ወደ መቃብር ይሄዳል። ድንጋዩን በውሃ ያጥባል፣ የጽጌረዳ ውሃ ያርከፈክፍበታል፣ ከዚያ ተንበርክኮ በጣቱ ድንጋዩን እየነካ ለሙታን የሚነበበውን የቁርኣን ምዕራፍ፣ ፋቲሓን ይቀራል። የባለቤቴ የሒዳያት አስከሬን አልመጣም። ከጦርነቱ በኋላ የከተማው ሰዎች ከሰማዕታቱ ረድፍ ስሙና ፎቶግራፉ ያለበት ድንጋይ እንተክላለን ብለው ነበር። ቢቢ እምቢ አሉ። «ከሥሩ ልጄ የሌለበትን ድንጋይ አላጥብም» አሉ፤ ሁለተኛ የጠየቃቸው የለም።

ስለዚህ ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ ሐሙስ ከሰዓት ቤት ነን። ሴቶቹ ማሰሮና ጠርሙስ ይዘው በደጃችን ሲያልፉ ይሰማል። ቢቢ የግቢውን ደረጃ ያጥባሉ፤ ንጹሕ ቢሆንም ያጥባሉ። እኔ የተማሪዎቼን ፈተና አርማለሁ። ጡረታ ከወጣሁ በኋላ የማርመው ፈተና ባይኖርም በዚያው ሰዓት እዚያው ጠረጴዛ ላይ እቀመጣለሁ።

ዘንድሮ የሰፈራችን መስጊድ በአዲስ ዓመቱ በኖውሩዝ ዕረፍት ወደ ድሮው የጦር ሜዳ ጉዞ ሲያዘጋጅ፣ ቢቢ ሳይጠይቁኝ የሁለታችንንም ስም አስመዘገቡ። ከሚጎበኙት ቦታዎች ዝርዝር ላይ ሳፊዬህ የሚለውን ሳይ እጄን ኪሴ ውስጥ ከተትኩ። ሒዳያት የሞተው እዚያ ነው።

የት እንደሞተ አውቃለሁ፤ እንዴት እንደሞተም አውቃለሁ። ተኩስ አቁም በተፈረመ በሁለት ወሩ በማስተምርበት የሴቶች ትምህርት ቤት አድራሻ ደብዳቤ መጥቶልኛል። የጻፈው ሻኩር ናሴሪ የሚባል ወታደር ነው። ነገሩ የሆነው በሐምሌ ወር ነበር፣ ጦርነቱ ሊያበቃ ሦስት ሳምንት ሲቀረው። ሒዳያት ጭኑንና ሆዱን ቆስሎ ከአፈር ምሽጉ ፊት ለፊት ሃያ እርምጃ ላይ ወደቀ። ከቀትር ጀምሮ ፀሐይ እስክትጠልቅ ውሃ ይለምን ነበር። እነሱ ከምሽጉ ኋላ ነበሩ። «ኮዳዬ ግማሽ ውሃ ነበረው» ይላል ደብዳቤው። «አልሄድኩም። ሲመሽ ድምፁ ቆመ፣ እኛም ወደ ኋላ አፈገፈግን። ይቅር በይኝ ለማለት ድፍረት የለኝም። የተኛበትን ቦታ የማውቅ እኔ ብቻ ስለሆንኩ ነው የጻፍኩልሽ።»

መልስ አልጻፍኩም። ዩኒቨርሲቲ ቤተ መጻሕፍት ሄጄ፣ ሰው ቆስሎ በዚያ ሙቀት ያለ ውሃ ሲቆይ ሰውነቱ ምን እንደሚሆን የሚገልጽ የሕክምና መጽሐፍ አወጣሁ። ምዕራፉን ጨርሼ መጽሐፉን መለስኩ።

ቢቢን ግን ደብዳቤ መጣ አልኳቸው። አንዲት ጥይት ናት፣ አህ እንኳን አላለም አልኩ። ቢቢ አልጮኹም። አንድ ነገር ብቻ ጠየቁ፤ «ጠምቶት ነበር?» የሐምሌ ፀሐይ ምን እንደሆነ ያውቃሉ። «የለም» አልኩ፤ «ውሃ ጠጥቶ፣ ኮዳውን ገና ሳይከድነው ነው።»

ኮዳውን ሳይከድነው። እሷን ለምን እንደጨመርኩ አላውቅም። የሚዋሽ ሰው ዝርዝር ይወዳል መሰለኝ። ቢቢ ግን ያዟት። ለለቀስተኛ ሁሉ ተናገሯት፣ ልጃቸው ለሞተባቸው ሴቶች ለማጽናኛ ሰጧት። ያን ዕለትም አውቶቡሱ ውስጥ ለኤሽራት ለመቶኛ ጊዜ ሲነግሯት ሰማሁ። «አልሐምዱሊላህ፣ ልጄ ሳይጠማው ነው የሄደው። ኮዳውን ገና ሳይከድነው።» እኔ በመስኮቱ የሚያልፈውን ሜዳ እያየሁ ነበር።

በማግስቱ ሳፊዬህ ስንደርስ ረፋድ ነው። ከበሩ ላይ ሁሉም ጫማውን ያወልቃል፤ እዚያ መሬት ላይ በጫማ መሄድ ነውር ነው። የቢቢን ጫማ እኔ ያዝኩ፣ ጀሪካኑን ራሳቸው። የክረምቱ ዝናብ መሬቱን አለስልሶታል፣ አጫጭር አረም በቅሎበታል። መሄጃው ግራና ቀኝ በገመድ የታጠረ ነው። ከገመዱ ማዶ በየአሥር እርምጃው ቀይ ሰሌዳ ተተክሏል። ድምፅ ማጉያ ሙሾ ያሰማል።

አስጎብኚያችን ቀጭን ሰውዬ ነው፤ ጺሙ ሸብቷል፤ ትከሻው ላይ አሮጌ የወታደር ኮዳ አንጠልጥሏል።

«እንኳን ደህና መጣችሁ። ሻኩር ናሴሪ እባላለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ሃያ ሁለት ዓመቴ ነው። ከሞቱት በስተቀር እንደኔ የቆየ የለም።»

አንዳንዱ ይሳቅ አይሳቅ ቸገረው። እኔ የቢቢን ጫማ ከአንዱ እጄ ወደ ሌላው አዛወርኩ።

«ከገመዱ አትውጡ» አለ። «ጸድቷል ይባላል፣ ግን ዝናብ ሲመጣ ፈንጂውን ከቦታ ቦታ ይዞት ይሄዳል። አምና አንድ በግ ወጣ፣ አልተመለሰም።»

ኤሽራት እጇን አወጣች። «ሐጂ፣ እኔ ስኳር አለብኝ። መሀል መንገድ ላይ ብሞት እዚሁ ትቀብሩኛላችሁ?»

«እዚህ ወረፋ አለ፣ እህቴ።»

አሁን ሁሉም ሳቀ። እሱ ግን ኮዳውን አስተካክሎ ቀጠለ። «መጨረሻ ላይ ምሽጉ ጋ ስንደርስ ሁላችሁም ውሃችሁን መሬት እንድታስቀምጡ እለምናችኋለሁ። ስለ አንድ ጓደኛችን እነግራችኋለሁ። የእናንተው አገር ልጅ ነው፣ የካሻን።»

ቢቢ ቀና አሉ። «የካሻን? ማን ይባላል?»

«ስሙን አልናገርም፣ እናቴ። ሃያ ሁለት ዓመት ሳወራ ስሙን ተናግሬ አላውቅም። ቤተሰቡ ፈቃድ አልሰጡኝም።»

ቢቢ ራሳቸውን ነቀነቁ። «ደግ አደረግህ» አሉ። ከዚያ ወደኔ ዞረው ዝቅ ባለ ድምፅ፣ «የሰፈራችን የጃፋር ልጅ ይሆን? ምስኪን እናቱ» አሉኝ።

ከምሽጉ በፊት የተቃጠለ ታንክ አለ። ሰው ሁሉ ፎቶግራፍ ለመነሳት ቆመ፤ ኤሽራት ቢቢን ከታንኩ አጠገብ አቁማ «አይዝጉ፣ ዓይንዎን አይዝጉ እንጂ» እያለች ታነሳቸዋለች። እኔ ወደ ሰውዬው ሄድኩ።

«ሐጂ ሻኩር፣ አንድ ደቂቃ።»

«አቤት፣ ኻኑም» አለ፤ እመቤት ማለቱ ነው።

«ካሻን ወዳለ የሴቶች ትምህርት ቤት ደብዳቤ ጽፈው ነበር።»

መዳፎቹን ሱሪው ላይ ጠረገ፣ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ።

«የኬሚስትሪ መምህሯ» አለ።

«አዎ።»

«መልስ አልጠበቅኩም» አለ። መልሶ ደግሞ፣ «ውሸቴን ነው። ሁለት ዓመት ፖስታ ቤት ተመላልሻለሁ» አለ።

ይቅርታ ልለው አሰብኩ፤ ግን ሌላ ጉዳይ ነበረኝ፣ ጊዜውም አጭር ነው። «እዚያ ያሉት እናቱ ናቸው» አልኩ። «አንዲት ጥይት ብያቸዋለሁ። ውሃ ጠጥቶ ነበር ብያቸዋለሁ። ዛሬ ያንን አያውሩ፣ እለምንዎታለሁ።»

ወደ ቢቢ አየ። ጀሪካኑን እንዳቀፉ ኤሽራትን ይቆጧታል።

«ኻኑም፣ እኔ ሌላ የማወራው የለኝም» አለ። «ሌሎቹ አስጎብኚዎች ጀግንነት ያወራሉ፤ እኔም አይቻለሁ፣ ማውራት እችላለሁ። ግን እዚህ የተቀመጥኩት እሱን ለማውራት ነው። ሚስቴ፣ ልጆቼ፣ አሕዋዝ ከተማ ቤት አለህ፣ ምን ትሠራለህ እዚህ ጨው ላይ ይሉኛል። ይሄንን ነው የምሠራው። የአንድ ቀንም ዕረፍት ወስጄ አላውቅም።»

«ነገ ያውሩት። ዛሬ ቦታውን ብቻ ያሳዩን።»

«ቦታውን ካሳየሁ ይጠይቁኛል።»

«እኔን ይጠይቁ። እኔ እመልሳለሁ።»

«እሺ» ብሎ ራሱን ነቀነቀ። ያን ጊዜ የጭንቀቱን ልክ አላየሁም፤ የራሴን ብቻ ነበር የማየው።

ምሽጉ ጋ ስንደርስ ሰዎቹ ውሃቸውን መሬት ማስቀመጥ ጀመሩ። ሻኩር ግን «ዛሬ ይቅር፤ ጉሮሮዬን አሞኛል። ምሳችሁ ድንኳኑ ውስጥ ደርሷል» አላቸው።

«እንዴ!» አለች ኤሽራት። «ጎረቤቴ እኮ ለዚህ ታሪክ ስትል ሁለት ጊዜ ተመላልሳለች!»

«እንግዲያው እሷ ትንገርሽ።»

«አልቅሳ አልቅሳ ምኑን ትነግረኛለች። አንዲት ቃል እንኳን አልወጣትም» እያለች ከሌሎቹ ጋር ሄደች።

ሦስታችን ቀረን። ቢቢ ለምን እንደቀረን ሊጠይቁኝ ሲሉ ቀደምኳቸው።

«ቢቢ፣ ይህ ሰው ከሒዳያት ጋር ነበር።»

ብዙ አዩት። ጺሙን፣ ባዶ እግሩን፣ ኮዳውን።

«የደብዳቤው ሰውዬ?»

«አዎ፣ እናቴ» አለ ሻኩር።

«እጅህን ስጠኝ።»

ይዞ ወደ ምሽጉ ጫፍ አወጣቸው። እኔ ከኋላቸው ነበርኩ። ገመዱ እዚያ ያበቃል፤ ከገመዱ ማዶ መሬቱ ቀስ እያለ ይወርድና ጨዋማ ሜዳ ይሆናል። ሻኩር ጣቱን ዘረጋ። አንድ ግራጫ ቁጥቋጦ፣ ከቀዩ ሰሌዳ ትንሽ በስተቀኝ።

«ከዚያ ቁጥቋጦ ወዲህ። ፈንጂ ስላለበት እስካሁን የቆፈረው የለም። እኔ ከዚህ ነበርኩ፣ እርስዎ ከቆሙበት።»

እኔም ለመጀመሪያ ጊዜ አየሁት። ሃያ እርምጃ ስል ስኖር ሩቅ አድርጌ ነበር የማስበው። ከጓዳ እስከ ግቢ በር ያህል ነው።

ቢቢ አላለቀሱም። የሚለኩ ይመስላሉ።

«ፊቱ ወደየት ነበር?»

«ወደ እኛ።»

«ውሃ ጠጥቶ ነበር አይደል? ኮዳውን ሳይከድነው።»

ሻኩር ወደኔ አየ። አፉን ከፈተ። ቃል ሰጥቶኛል፣ ቃሉንም ሊጠብቅ ነው፤ «አዎ፣ እናቴ» ሊል ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ለማያውቃቸው ሰዎች ሁሉ የተናገረውን፣ መስማት ለሚገባት ለአንዷ ሴት ሊክድ ነው፤ የጠየቅኩት ደግሞ እኔ ነኝ። ደብዳቤውን ያለ መልስ ያስቀረሁትም እኔ።

«አልጠጣም፣ ቢቢ» አልኩ።

ዞሩ።

«እኔ ነኝ የዋሸሁ። አንዲት ጥይት አይደለችም። ከቀትር እስከ ጀንበር መጥለቂያ እዚያ ተኝቶ ነበር። ውሃ ይለምን ነበር። ተኩስ ነበር፤ ማንም አልደረሰለትም።»

ድምፄ ክፍል ውስጥ እንደማስተምርበት ያለ ነበር። በሌላ ድምፅ አልችልም ነበር።

ቢቢ ቀስ ብለው አፈሩ ላይ ተቀመጡ። ጀሪካኑን ከጉያቸው አውርደው ከፊታቸው አኖሩት። ድምፅ ማጉያው ሙሾውን ጨርሶ ሌላ ጀመረ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው የምታውቂው?» አሉ።

«ደብዳቤው ከመጣ ቀን ጀምሮ።»

«በየሐሙሱ?»

«በየሐሙሱ።»

«እኔ ለሰው ሁሉ ኮዳውን ሳወራ፣ አንቺ እዚያ ጠረጴዛሽ ላይ?»

«አዎ።»

«ለብቻሽ» አሉ። ወቀሳ ይሁን ሌላ ነገር አላወቅኩም። ጉልበታቸውን በመዳፋቸው አንድ ጊዜ መቱ፣ ከዚያ ፊታቸውን ወደ ሻኩር አዞሩ። «አንተስ፣ ውሃ ነበረህ?»

«ግማሽ ኮዳ።»

«ስንት ዓመትህ ነበር?»

«አሥራ ዘጠኝ።»

ሻኩር አጎንብሶ ጀሪካኑን አነሳና አንድ እግሩን ገመዱን አሻገረ።

«ሐጂ!» አልኩ።

«የት ነው?» አሉ ቢቢ።

«ላድርስለት፣ እናቴ።»

«ተመለስ!» አሉ፣ ከጓሮ ዶሮ በሚያባርሩበት ድምፅ። እሱ እግሩን እንዳሻገረ ቆመ። «እናት አለህ?»

«ሞታለች። ከስድስት ዓመት በፊት።»

«ስትሞት አጠገቧ ነበርክ?»

«ራሷን ደግፌ ነበር።»

«ውሃ ሰጠሃት?»

«በማንኪያ።»

ቢቢ መሬቱን አዩ። «ያን ቀን ሄደህ ቢሆን እሷን ማን ያጠጣት ነበር?» አሉ። «ለእሷ ስትል ተመለስ። እዚያ አንድ ይበቃል። ደግሞ ከተማ ያሳደገህ ነህ መሰለኝ፤ መሬቱ ወደ ልጄ እንደሚያዘነብል አታይም?»

ተመለሰ። ጀሪካኑን ከፊታቸው መልሶ አስቀመጠ። ቢቢ በጉልበታቸው ተንበርክከው፣ ጽጌረዳ ሲያጠጡ እንደሚያደርጉት፣ በጣታቸው ለስላሳው አፈር ላይ ቦይ ቀደዱ፤ ክንዳቸው እስከደረሰበት፣ በገመዱ ሥር። ክዳኑን ከፍተው አፈሰሱ። ውሃው በቦዩ ሄደ፣ ገመዱን አለፈ፣ ከዚያ በራሱ መንገድ እየጠመዘዘ ወረደ። አምስት እርምጃ ሄዶ መሬቱ ጠጣው። ቢቢ እንደገና አፈሰሱ። አሁን ትንሽ ራቀ። ሦስተኛው ደግሞ ከዚያ። ቁጥቋጦው ጋ አልደረሰም፤ ግን እየቀረበ ነበር።

ጀሪካኑ ሥሩ ላይ ጥቂት ሲቀር ወደኔ ገፉት።

«ያንቺን አፍሺለት።»

ጫማዎቻቸውን አስቀምጬ ተንበረከክሁ፣ አፈሰስኩ። ስለዚያ ቅጽበት ከዚህ በላይ አልጽፍም።

ቢቢ የጽጌረዳ ውሃውን ከጨርቁ ፈቱ፣ በእርጥቡ አፈር ላይ አርከፈከፉ። ጣታቸውን አሳርፈው ፋቲሓ ቀሩ። እኔም ቀራሁ። ሻኩር ግን ቆሞ ቀረ።

«ና እንጂ» አሉት። «ጣትህን አሳርፍ።»

ተንበርክኮ አሳረፈ። ሲጨርስ ቢቢ ክንዱን ይዘው ተነሱ፣ ቀሚሳቸውን አራገፉ።

«ስሙን ተናገር» አሉ። «ከዛሬ ጀምሮ። ሒዳያት በል፤ የታጅ ልጅ በል። እኔ ፈቅጃለሁ።»

«ከነጥማቱ?»

ቢቢ ወደ ቁጥቋጦው አንድ ጊዜ አዩ።

«ከነጥማቱ» አሉ።

ወደ አውቶቡሱ ስንመለስ እኔን አላናገሩኝም። ኤሽራት ምሳ አስቀምጣልን ነበር፤ ዳቦና አይብ፣ በላስቲክ የተቋጠረ። «ሰውዬው ምን አላችሁ?» ስትል ቢቢ «አፍሽን ሱፍ ላይ አድርጊ» አሏት። ኤሽራት ሱፏን ይዛ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ባዶው ጀሪካን በቢቢ ጉልበቶች መሀል ነው። አሕዋዝን አለፍን። አንዲሜሽክን አለፍን። ተራራዎቹ ሲጀምሩ ተኝተዋል ብዬ መስኮቱን ልዘጋላቸው ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«ደብዳቤውን ጥለሽዋል?»

«የለም።»

«የት ነው?»

«ቦርሳዬ ውስጥ።»

«አንብቢልኝ።»

«በቃሌ አውቀዋለሁ፣ ቢቢ።»

«ከወረቀቱ።»

የቦርሳዬን ሽፋን ስፌት በጥፍሬ ተረተርኩና አወጣሁት። እጥፋቱ ላይ ተቀድዷል። መነጽሬን አደረግሁ። ከሰላምታው ጀመርኩ፤ ዝቅ ባለ ድምፅ፣ ቢቢ እንዲሰሙኝ ተጠግቼ። ከኋላ የሱፍ መፈልፈሉ ድምፅ ቆመ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ምሽጉ፣ ሒዳያት እንዴት እንደወጣ አነበብኩ። ስለ ውሃው የሚለው መስመር ላይ ስደርስ ቆምኩ።

ቢቢ እጃቸውን ከክንዴ ላይ አላነሱም።

«ቀጥይ» አሉ፤ «አለሁ።»

ቀጠልኩ።